የቆላ ጠላ፣ የደጋ ጠላ

በእኛ አገር የቢራ ጠጪ የሚከራከረው በስም ነው። ከደሴ ስመጣ ምሳ የበላሁበት የመርሳ ሆቴል በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች ዋልያ፣ ሐበሻና ጊዮርጊስ ይዘው፣ «ያንተ ራስ ያሳምማል»፣ «ያንተ ውኃ ነው» እየተባባሉ ነበር። ክርክሩ የደመቀ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ግን ይህን ያህል አያጣላም። ሦስቱም ወርቅማ፣ ሦስቱም ጥርት ያሉ፣ ሦስቱም ካልቀዘቀዙ የማይጠጡ ናቸው። ሦስቱም ላገር ናቸው፤ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚፈላ፣ እርሾው ወደ ታች የሚዘቅጥ ቢራ። የዘር ሐረጋቸው ሲቆጠር የሚደርሰው በ1842 እ.ኤ.አ. በቦሔሚያዋ ፕልዘን ከተማ ዮሴፍ ግሮል የተባለ ባቫሪያዊ ከጠመቀው ፈዛዛ ቢራ ዘንድ ነው። ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተተከለ፤ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሽን እያሉ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ጎዳናው ግን ያው የፕልዘኑ ነው።

ከዚህ ጎዳና ያፈነገጡ አልጠፉም። የሐረሩ ፋብሪካ ሐኪም ስታውት የተባለ ጥቁር ቢራ አውጥቶ ነበር። ቦሌ ያለው ቢራ ጋርደን ብሎንዲ እና ኢቦኒ እያለ ፈካ ያለውንና ጠቆር ያለውን እዚያው ጠምቆ እዚያው ይቀዳል። እነዚህ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለቀረው፣ አንዱን ጠርሙስ ከሌላው የሚለይልን ቴሌቪዥን ነበር፤ አንዱ ጀግንነት ሲሸጥ፣ ሌላው ባህል፣ ሌላው ኳስ ይሸጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ ያ ሁሉ ጠባይ ከጠርሙሱ ላይ ተገፎ ስሙ ብቻ ቀረ። በረንዳው ላይ የሚጣሉት ሰዎች እስካሁን የድሮውን ማስታወቂያ የሚጠጡ ይመስለኛል።

ቢራን በዓይነቱ መለየት ሌላ ነገር ነው። ማይክል ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ (ከዘፋኙ ጋር ከስም በቀር የሚያገናኛቸው የለም) በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዓለም ቢራ መጽሐፍ የየአገሩን ቢራ በየዓይነቱ ደልድሎ ካቀረበ ወዲህ፣ የዛሬዎቹ አነስተኛ ጠማቂዎችና ጠጪዎቻቸው የሚነጋገሩት በዚያ ቋንቋ ነው። እህሉ ምንድን ነው? ምን ያህል ተቆላ? መራራው ከየት መጣ? እርሾው የተዘራ ነው ወይስ ከአየር የገባ? ስንት ቀን ቆየ? አሜሪካና ቤልጅየም ድረስ ሄደው ይህን ጥያቄ በገንዘብ የሚማሩ አበሾች አውቃለሁ። እኔ ሐራ ላይ የተማርኩት፣ መዝጊያው ላይ ጣሳ በእንጨት ከተደፋበት አንድ ቤት ገብቼ ነው።

ሐራ ከዋናው የደሴ ወልዲያ አስፋልት ወደ ምሥራቅ ወጣ ብላ፣ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ዝቅ ማለት በሚጀምርበት ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ከላይ ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን ጭኖ ይወርዳል፤ ከታች አፋሩ ፍየሉንና ቅቤውን ይዞ ይወጣል፤ መሐል ላይ ማሽላ አለ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ የሠራው የባቡር መስመር ማብቂያውን ያደረገው እዚህ ነው፤ ካርታ ላይ «ሐራ ገበያ» ተብሎ በደማቁ የተጻፈውም በእሱ ምክንያት ነው። ለመስመሩ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል መጓተትና በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የመጣው ጦርነት ተደራርበውበት ባቡሩ እንደታሰበው አልሆነም። ሙቀቱ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ከቀትር በኋላ የሐራ ፀሐይ ጥላ ፈልጎ የማይገባ ሰው አታስቀርም።

የገባሁበት ቤት ባለቤት አሮጊት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ መንደሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲያው አልኩ። ከጣሳው ከንፈር ጠብ አድርገው በመዳፋቸው ቀመሱና አቀበሉኝ። ጠላው ጥቁር ነው፤ ጥቁር ሲባል ግን ወደ ብርሃን ሲያቀርቡት ከዳር ዳር ቀይ የሚያወጣ።

«እማማ፣ ይኼ ከምን ነው?»

«ከማሽላ ነዋ ልጄ። ደግሞ ከምን ሊሆን?»

ወሎ ውስጥ ጠላ ከምን ተጠመቀ ብሎ መጠየቅ የት አገር ነህ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። መቄትና ደላንታ ላይ ገብስ ነው፤ ከሐራ እስከ ቆቦ ያለው ሜዳ ላይ ማሽላ ነው። የገብስ ጠላ ጉሮሮ ላይ ለስለስ ብሎ ያልፍና ወደ ኋላ ላይ ቂጣ ቂጣ የሚል ጣዕም ይተዋል። የማሽላው ቀጠን ይላል፤ ጫፉ ላይ ምላስን ሰብሰብ የሚያደርግ መጎምዘዝ አለው። ይህ መጎምዘዝ የሚመጣው ከቀዩ ማሽላ ልባስ ነው። ወፍ የማትደፍረው ማሽላም ይኸው ነው፤ ለእንጀራ ብዙም አይመረጥም፤ ለጋን ግን ይፈለጋል። እማማ ዘንጋዳ ይሉታል። «ነጩ ለልጆች፣ ዘንጋዳው ለጋን» ብለው ዝርዝሩን ቀጠሉ፦ ደጋሊት እንዲህ ነው፣ ጅጉርቲ እንዲያ ነው፣ ጥንቅሽ አገዳው ይመጠጣል እንጂ ፍሬው ለጠላ አይሆንም።

ይህ ዝርዝር ቀላል አይደለም። የወሎ ማሽላ በዓለም የእህል ሳይንስ ውስጥ ስም ያለው ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላይሲን የተባለው ጠቃሚ የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው እጅግ የበዛባቸውን ሁለት ማሽላዎች አገኘን ብለው ጽፈዋል፤ ዘሮቹ የተሰበሰቡት ከወሎ ነበር። የአገሬው ሰው «ወተት በጉንጬ» እያለ እሸቱን ጠብሶ ሲበላው የኖረው ማሽላ ከዚያው ወገን ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋሙ ማሽላዎችን በማውጣት በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። ለኢትዮጵያ ከተለቀቁት መካከል ጎብዬ እና አብሽር ይገኙበታል፤ የመጀመሪያው ስሙ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ሲሄዱ ከምትገኘው ከተማ ስም ጋር አንድ ነው። ከመርሳ ወደ ወልዲያ ስንሄድ የምናልፈው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም የቆየው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ድርቅና አቀንጭራን የሚችል ዘር ማግኘት ሕይወት ማዳን መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም የማሽላ ዘር ሲመረጥ ምርቱ በኩንታል ይመዘናል፤ እንጀራው ይቀመሳል፤ ጋን ውስጥ ምን ይሆናል ብሎ እማማን የጠየቀ እንዳለ እንጃ። መጠየቅ ያለባቸው ይመስለኛል።

ጠላውን ጥቁር ያደረገው ማሽላው አይደለም፤ ምጣዱ ነው። ጓዳ አስገብተው አሳዩኝ። ዱቄቱ በውኃ ፈርፈር ተደርጎ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ይህ እንኩሮው ነው። ከእንኩሮው በስተቀኝ፣ ሰፌድ ላይ፣ እስኪጠቁር የተቆላ አሻሮ ተዘርግቷል። ጥቂት አፈስ አድርጌ አኘክሁት፤ ቡና ቡና ይላል፤ መጨረሻው ላይ አመድ። «ከዚህ በላይ ካለፈ ጠላው ያራል» አሉ፤ ምጣዱን ከእሳት የሚያወርዱበትን ጊዜ የሚያውቁት ከሽታው ነው። እንግሊዞች ይህን ነገር በማሽን ለማድረግ እስከ 1817 እ.ኤ.አ. ቆይተዋል፤ ዳንኤል ዊለር የተባለ ሰው ብቅል የሚቆላበትን በርሜል የባለቤትነት መብት ያወጣው በዚያ ዓመት ነው። የዛሬው ስታውት ጥቁረቱን የሚያገኘው ከዚያ ዓይነት ብቅል ነው። እማማ ቤት ያለው ልዩነት፣ በርሜሉን የሚያዞረው እጃቸው መሆኑ ነው። አሻሮው ጥቂት ከሆነ ጠላው ቀይ ይወጣል፤ ከበዛ እንደዚህኛው ይጠቁራል፤ ለሠርግ የሚጠመቀውን ግን «ቀላ አድርጌ ነው የማወጣው፤ እንግዳ ጥቁር ሲያይ ያረረ ይመስለዋል» አሉኝ።

ከዚያ ጌሾ። አውሮፓ ውስጥ ቢራ መራራነቱን የሚያገኘው ከሆፕ አበባ ነው፤ ባቫሪያ በ1516 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ በቀር ሌላ አይግባ ብላለች። የእኛ ሕግ ጌሾ ነው። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከባልደረባቸው ጋር የጌሾን ቅጠል መርምረው መራራውን ነገር በ1995 እ.ኤ.አ. ለይተው ሲያወጡት ጌሾይዲን ብለው በራሱ በተክሉ ስም ጠርተውታል። ጠጪው የሚለየው ግን ሁለት ጌሾ ነው፦ ቅጠሉና እንጨቱ። የቅጠሉ ምሬት ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል፣ አረንጓዴ አረንጓዴ የሚል ነገርም አለው። የእንጨቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ከዋጡ በኋላ ከምላስ ሥር ይቀመጣል። ሐራ ላይ ጌሾ አይበቅልም ማለት ይቻላል፤ ከደጋ ተጭኖ ወርዶ ገበያ ላይ በስፍር ይገዛል። እማማ ጥንስሱን በቅጠል ጀምረው ድፍድፉ ላይ ወቀጥ ያደረጉትን እንጨት ይጨምራሉ። ጎረቤታቸው፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ «ቅጠል ብቻ ታገባለች፤ ስለዚህ ጠላዋ በሦስተኛው ቀን ምላስ የለውም»።

ጭሱን በአፍንጫ ነው የምታውቁት፤ ገና ሳይጠጣ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ ወይራ ጨሶበት፣ አፉ ተከድኖ ያድራል። በጀርመኗ ባምበርግ ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ የሚያደርቁ ጠማቂዎች አሉ፤ ቢራቸው የተጨሰ ሥጋ ይሸታል፤ ቱሪስቱም እዚያ ድረስ ሄዶ ይሰለፍበታል። የእኛ ጭስ ግን ዕቃው ላይ እንጂ እህሉ ላይ አይደለም፤ ለዚህም ነው ስስ የሆነው። ሲጀመር አለ፣ ጣሳው ሲጋመስ ጠፍቷል።

የእማማ ጋን ግን አዲስ ነው፤ እሱ ያበሳጫቸዋል። የድሮው፣ ከእናታቸው የወረሱት፣ በዚያ የጦርነት ጊዜ ተሰበረ። አዲሱ ከተገዛ ቆይቷል፤ ሆኖም «ገና አልለመደም» ይላሉ። እጄን ይዘው ግድግዳውን አስዳሰሱኝ፤ ውስጡ ሻካራ፣ ነጠብጣብ ቀዳዳ ያለበት፣ አፉ አካባቢ በጭስ የጠቆረ። ጠላ ውስጥ ማንም እርሾ አይጨምርም። የጠላን መፍላት ያጠኑ ባለሙያዎች እንደሚሉት የሚያፈላው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ጋር የሚገባው ሳካሮማይሴስ የተባለው እርሾ ነው፤ ጎምዛዛውን የሚያመጡት ደግሞ እርጎን የሚያረጉት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። ብራሰልስ ዙሪያ ላምቢክ የሚባለውን ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ፋብሪካቸውን ሲያድሱ የድሮውን ጣሪያና በርሜል መንካት ይፈራሉ ይባላል፤ እርሾው የሚኖረው እዚያ ነው። እማማ ያጡት ሸክላ ብቻ አልነበረም። የሃምሳና የስድሳ ዓመት እርሾ አብሮ ሄዷል። አሁን ጥንስስ ሲጥሉ ከሌላ ሰው ቤት ጥቂት ድፍድፍ ለምነው አዲሱ ጋን ላይ ያፈሱበታል፤ «እንዲማር» ብለው።

ከአንዱ ጋን ሦስት መጠጥ ይወጣል፤ ሦስቱንም አስቀርበው አጠጡኝ። የመጀመሪያው ጉሽ ነው፦ ያልጠለለ፣ ድፍርስ፣ ገና የሚፈላ፣ ጥሬ ብቅል የሚል፣ ሆድ የሚሞላ። የሚወዱት ገበሬዎች ናቸው፤ ከሥራ ሲመለሱ ይጠጡታል፤ መጠጥም ምግብም ነው። ሁለተኛው ጠልሎ፣ ተከድኖ ያደረው ዋናው ጠላ ነው፤ ሲያምር «ኩል የመሰለ» ይባልለታል። ሦስተኛው ቅራሪ፤ ዋናው ከተቀዳ በኋላ ዝቃጩ ላይ ውኃ ተደርጎ የሚወጣው። ቅራሪ ይናቃል፤ የድሃ መጠጥ ነው ይባላል። ግን በሐራ ቀትር ከሦስቱ የመረጥኩት እሱን ነው፤ ቀላል፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ጥም የሚቆርጥ። በድሮ እንግሊዝ ከአንድ እህል ሁለቴ ሦስቴ እያጠቡ የመጨረሻውን ቀጭን ቢራ ለሠራተኛና ለልጅ ይሰጡ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ያንኑ ቀጭን ቢራ ወጣት ጠማቂዎች በውድ ዋጋ መልሰው አምጥተውታል። ቅራሪም ቀኑ ይመጣለት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የቀረው አተላ ነው፤ ደጁ ላይ የታሰረችው ላም ገና ጋኑ ሲከፈት ጀምራ ትጮሃለች።

የቆላው ሙቀት ጊዜውን ያሳጥረዋል። ደጋ ላይ ሳምንት ሲብላላ የሚከርም ድፍድፍ ሐራ ላይ በጥቂት ቀን ይደርሳል፤ በዚያው ፍጥነት ደግሞ ይሆመጥጣል። ስለዚህ ጠጪዎቹ የሚነጋገሩት በቀን ነው። በር አጠገብ መደብ ላይ የተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ከባቡሩ ጀምረው ስለ በሬ ዋጋ እስኪጨርሱ ድረስ መሐል መሐል ላይ ስለ ጠላው አንድ አንድ ቃል ይጥላሉ፦ «ትናንት ይሻል ነበር»፣ «ነገ አትምጣ»፣ «ጌሾው ዛሬ ነው የወጣው»። ጠላን በቤተ ሙከራ የለኩ ሰዎች አልኮሉን ከ2 እስከ 8 በመቶ ድረስ ያደርሱታል፤ ይህን ያህል መራራቁ የመለኪያ ስሕተት እንዳይመስላችሁ። ቅራሪና፣ ፊልተር የሚባለው ውኃ ያልበዛበት የተጣራ ጠላ፣ አንድ ስም ይዘው ሲመዘኑ የሚመጣ ነው። ወይንና አረቄን በአንድ መዝገብ እንደመጻፍ ነው።

ሐራና አካባቢዋ ብዙው ሰው ሙስሊም ነው። ስለዚህ ከጠላው ጎን ቀሪቦ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ጠላ የሚመስል፣ ከተቆላ ገብስ የሚወጣ፣ ጌሾ የማይገባበት፣ በስኳር የሚጣፍጥ። አንድ ቀን ማታ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ሁለት ጀሪካን ጎን ለጎን ቆመው አየሁ። ቀለማቸው አንድ፣ አረፋቸው አንድ። የሚቀዳው ልጅ ምልክት አላደረገባቸውም፤ እንግዳውን አይቶ ነው የሚቀዳው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። እኔን ግን አላወቀኝም፤ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ የቱን ላድርግልዎ?» አለኝ። ሁለቱንም አልኩ። ሳቀና ሁለት ብርጭቆ አመጣ። ቀሪቦው መጀመሪያ ላይ የተቆላውን ገብስ ያመጣና ወዲያው ጣፋጭ ሆኖ ያልቃል፤ መራራ የለውም፤ ከኋላ የሚጎትተው ነገር የለም። በአንድ ጉንጭ ይለያል። ወሎ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ሁለት ዓይነት ድስት፣ ሁለት ዓይነት ጀሪካን በአንድ ድንኳን አዋዶ ማስተናገድ ሲችልበት የኖረ አገር ነው፤ ማንም እንደ ትልቅ ነገር አያወራውም።

ከሐራ ስነሣ እማማ በሁለት ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ሞልተው ሰጡኝ። «ክዳኑን አታጥብቀው» አሉ። አላጠበቅሁትም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት እንዳይፈስ ብሎ አዝኖልኝ አጠበቀው። ወልዲያ ስንደርስ ፕላስቲኩ ተነፍቶ ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም ነበር።

ወልዲያ ደጋ አይደለችም፤ ቆላም አይደለችም፤ ጠላዋም እንደዚያው ነው፤ ገብስም ማሽላም ይገባበታል። ያረፍኩበት ሰፈር ጠላ የሚሸጡ ሴት አሉ፤ በዕድሜ ከእማማ ያንሳሉ፤ እትዬ ይባላሉ። ብርጭቆ አስመጥቼ ከፕላስቲኩ ቀዳሁላቸው፤ ከየት እንደመጣ አልነገርኳቸውም። አሸተቱ። ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩ። ከዚያ አንድ ጉንጭ ያዙና ሳይውጡ ጥቂት ቆዩ።

«የቆላ ነው» አሉ። «ዘንጋዳ ነው። ሙቀት አጣድፎታል፤ ትናንት ነው የተከደነው፣ ቢበዛ ከትናንት ወዲያ። እንጨቱን ዘግይታ ነው ያስገባችው፤ ጎበዝ ናት። ጋኗ ግን ልጅ ነው።»

ጋኑ አዲስ መሆኑን በምን አወቁ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለተኛ ጉንጭ ወሰዱ፤ ጥያቄዬን አልሰሙትም ወይም አልፈለጉትም።

«ወይራ ብቻ አይደለም ያጨሰችበት። ጥንጁት አለበት» አሉና ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ብቅሉን ከማን ነው የምትገዛው? አልነገረችህም?»